ጤነኛ የመሰለው አንጀት

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ ዘመኑንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቁጠሩልኝ።

በኮፐንሃገን ከተማ ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ የሚባሉ ሐኪም ነበሩ። አባታቸው የትምባሆ ፋብሪካ ነበራቸው፤ ልጅየው ግን ሕክምናን መረጡ፤ ከሕክምናም የሕፃናትን። በንግሥት ሉዊዝ ስም የተሠራው የሕፃናት ሆስፒታል በ1879 ሲከፈት ዋና ሐኪም ሆኑ። ንግሥቲቱ ከየአልጋው በላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ይሰቀል ቢሉ፣ እኚህ ሐኪም ለሕፃን የእንስሳት ሥዕል ይሻለዋል ብለው ተከራከሩ ይባላል። እኔም ከሐኪሙ ጋር ነኝ።

በ1886 በርሊን ላይ ሐኪሞች በተሰበሰቡበት ቆመው የሁለት ወንድ ሕፃናትን ነገር ተናገሩ። ሁለቱም ከተወለዱ ጀምሮ ዓይነ ምድር አልወጣ ብሏቸው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። አስከሬናቸው ሲከፈት ትልቁ አንጀት ከልክ በላይ ሰፍቷል፤ ግድግዳውም ወፍሯል። የታችኛው ጫፍ ግን አልሰፋም። ሐኪሙ ይህንንም አይተዋል፤ ሕመሙ ግን ያበጠው ነው ብለው ደመደሙ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ በኋላ የቀዶ ሐኪሞች ስንት ዘመን ያበጠውን እየቆረጡ ጣሉ! ልጁ ጥቂት ይሻለዋል፤ ሆዱም ተመልሶ ይነፋል። በ1901 ቲተል የተባለ ሐኪም በእንዲህ ያለ ሕፃን አንጀት ውስጥ የነርቭ ሕዋሳት መጥፋታቸውን ጽፎ ነበር። ሰሚ አላገኘም።

ነገሩን የገለበጡት የቦስተኑ ኦሌ ስዌንሰን ናቸው። ባበጠው አንጀት ላይ በሆድ በኩል መውጫ የተከፈተላቸው ልጆች ይበላሉ፣ ይፋፋሉ። መውጫው ሲዘጋ ሕመሙ ይመለሳል። እንግዲህ ያበጠው ክፍል መሥራት ይችላል ማለት ነው! ስዌንሰን የአንጀቱን ግፊት ለኩ፤ ግፊቱ እንደ ሞገድ ወደ ታች ይወርድና አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ይላል። ወንዝ ሲገደብ የሚተኛው ውኃ ከግድቡ በላይ ነው፤ የልጁም አንጀት እንደዚያው ነበር። በ1948 የታተመው ሥራቸው ጠባቡንና ጤነኛ መሳዩን ክፍል ቆርጦ፣ ከላይ ያለውን ደህናውን ጎትቶ ከፊንጢጣ ጋር ማጋጠም ነው።

ምክንያቱ ከማኅፀን ይጀምራል። የአንጀት ነርቭ ሕዋሳት ከፅንሱ አንገት አካባቢ ተነሥተው፣ ከአምስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት አንጀቱን ተከትለው ወደ ታች ይጓዛሉ። መንገድ ላይ ከቀሩ፣ ከዚያ በታች ያለው አንጀት መላላት አይችልም። ይህ ሕመም ከ5,000 ወሊድ በአንዱ ገደማ ይደርሳል፤ በወንዶች ይበዛል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ቀኑ ሞልቶ የተወለደ ጤነኛ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ያንን ጥቁር ዓይነ ምድሩን ያወጣል። ሁለት ቀን ካለፈ፣ ሆድ ከተነፋ፣ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው። በቤቷ የወለደች እናት ግን «ልጅሽ አወጣ ወይ?» የሚላት ባለሙያ የላትም፤ ይህ ያንገበግበኛል። «ድርቀት ነው» እየተባለ ልጁ ሆዱን ተሸክሞ ያድጋል። ባሪየም በፊንጢጣ ገብቶ የሚነሣው ራጅ ጠባቡንና ሰፊውን ይለያል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን ከፊንጢጣ በላይ የሚወሰድ ቅንጣት ናሙና ነው። ሕፃኑ ሳይደነዝዝ በትንሽ መሣሪያ ተመጥጦ ይወሰዳል፤ የዚያ ቦታ ሽፋን አያምም። ፓቶሎጂስቱም በማይክሮስኮፕ የነርቭ ሕዋሳቱን ይፈልጋል።

በጊዜ የተደረሰበት ሕፃን ዛሬ ሆዱ ሳይከፈት በፊንጢጣ በኩል ብቻ ሊታከም ይችላል፤ ይህን መንገድ የሜክሲኮ ሐኪሞች በ1998 አሳትመውታል። ዘግይቶ የመጣው፣ አንጀቱ እጅግ የሰፋው፣ በመጀመሪያ በሆዱ በኩል መውጫ ይከፈትለታል፤ አንጀቱ ወራት ወስዶ ሲሰበሰብ ዋናው ቀዶ ሕክምና ይከተላል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ልጁ ካተኮሰው፣ ሆዱ ከተነፋና የሚከረፋ ተቅማጥ ከያዘው አንጀቱ ተቆጥቷል፤ ይህ ይገድላል። እናቱ ሆይ፣ ነገን አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ሂጂ፣ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለትም ተረኛውን ሐኪም አስቀድመሽ ንገሪው።