የመሬት መንቀጥቀጥ የተሰማበት ስፋት የሚገለጽበት መንገድና ታማኝ የመረጃ ምንጮች

አንድ የመሬት መንቀጥቀጥ የት ድረስ እንደተሰማ ለመግለጽ ሁለት ልኬቶችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በመሣሪያ የሚመዘገበው መጠን፣ ማለትም ማግኒቲዩድ ሲሆን ከመሬት ውስጥ የወጣውን ኃይል ያመለክታል። ሁለተኛው በየቦታው የታየው የንዝረት ብርታት ነው። ይህ ከቦታ ቦታ የሚለያይ ሲሆን በተሻሻለው የመርካሊ መለኪያ ከ1 እስከ 12 ባሉት ደረጃዎች ይገለጻል። «አዲስ አበባ ውስጥ 5.8 የሆነ ርዕደ መሬት ተከሰተ» የሚለው በየጊዜው የሚሰማ አባባል ሁለቱን የሚያምታታ ነው።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰተውን የመሬት መንቀጥቀጥ የአውሮፓ ሜዲትራኒያን የርዕደ መሬት ማዕከል 5.8 ብሎ መዝግቦታል። መነሻው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በመነሻው አካባቢ መሬትና መንገድ ተሰነጣጥቋል፣ ቤቶችም ተጎድተዋል፤ በመዲናዋ ደግሞ በተለይ በፎቅ ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች ንዝረቱን ተሰምቷቸው ነቅተዋል። መጠኑ አንድ ሆኖ ሳለ ብርታቱ ይህን ያህል የተለያየው በርቀት ምክንያት ነው። ከርቀት በተጨማሪ የአፈሩ ዓይነትና የሕንፃው ከፍታ ልዩነት ያመጣሉ፦ ልል አፈር ንዝረትን ያጎላል፤ በላይኛው ፎቅ ያለ ነዋሪ በግልጽ ሲሰማው በምድር ቤት ያለው ጎረቤቱ ምንም ላይሰማው ይችላል።

የተለያዩ ተቋማት ለአንድ ክስተት ጥቂት የተለያዩ ቁጥሮችን መስጠታቸው የስህተት ምልክት አይደለም፤ የሚጠቀሙባቸው ጣቢያዎችና የስሌት ዘዴዎች ይለያያሉ፣ የመጀመሪያው ቁጥርም ቆይቶ ሊስተካከል ይችላል። በአገር ውስጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የሕዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት፣ ከውጭ ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው ማዕከልና የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም መረጃ ያወጣሉ። ሁለቱ የውጭ ተቋማት ንዝረት ከተሰማቸው ሰዎች በኢንተርኔት ምላሽ ተቀብለው የስሜት ካርታ ያዘጋጃሉ።

የሕዝብ ምስክርነት ዋጋ አዲስ ነገር አይደለም። በ1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ የደረሰው ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱ የታወቀው፣ በአገሪቱ መመዝገቢያ ጣቢያ ባልነበረበት ዘመን፣ የተሰማቸው ሰዎች በተዉት ቃል ነው።

ምላሽ የሚሰጥ ዜጋ የነበረበትን ሰፈር፣ ፎቁንና ሰዓቱን፣ እንዲሁም ራሱ ያየውን ብቻ ቢገልጽ ይመረጣል፦ አምፖል ተወዛወዘ? ዕቃ ከመደርደሪያ ወደቀ? ግድግዳ ተሰነጠቀ? ከሌላ ሰው የሰማውን መጨመር ካርታውን ያዛባል። በአንጻሩ «አልተሰማኝም» የሚል ምላሽ የንዝረቱን ወሰን ለማስመር ስለሚረዳ ጠቃሚ ነው።

በግድግዳ ወይም በምሰሶ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ ከቤቱ ወጥቶ ለወረዳ አስተዳደር ማሳወቅና በባለሙያ እስኪታይ መጠበቅ ይገባል። ቀጣዩ መንቀጥቀጥ የሚከሰትበትን ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር መልእክት ሲደርስ ግን ለሌሎች አለማስተላለፍ ያስፈልጋል፤ ይህን አስቀድሞ መተንበይ የሚችል ተቋም በዓለም ላይ የለም።