ምርመራው ከመነጽሩ ሲለይ

የዓይን ምርመራ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው መነጽር መግዛትን ነው። ለዚህ አስተሳሰብ ታሪካዊ ምክንያት አለው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሐኪሙ የሕያው ሰው ዓይን ውስጡ ምን እንደሚመስል ማየት አይችልም ነበር። መነጽር ፈላጊውም ከነጋዴው ፊት የተደረደሩትን እየሞከረ የተሻለ ያሳየውን ይዞ ይሄዳል።

ሁኔታውን የለወጠው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ1851 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ኦፍታልሞስኮፕ ነው። መሣሪያው በብሌን በኩል ብርሃን አስገብቶ ተመልሶ የሚወጣውን ለተመልካቹ ዓይን ያደርሳል፤ ስለዚህ ሬቲናና የዕይታ ነርቭ ታዩ። በበርሊን አልብሬክት ፎን ግሬፈ በ1854 የግላኮማ ሕሙማንን ነርቭ ሲመለከት ጫፉ ያበጠ መሰለው። የታየው ግን ጉድጓድ ነበር፤ ስሕተቱም ብዙ ሳይቆይ ታረመ። አዲስ መሣሪያ በራሱ ማየትን አያስተምርምና ይህ አያስገርምም።

ግኝቱ ለምርመራ አዲስ ትርጉም ሰጠው። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ሳያሰማ ዕይታን ከዳር ጀምሮ ይቀንሳል፤ ታማሚው ፊደል አጥርቶ እያነበበ ነርቩ ሊጎዳ ይችላል። የጠፋው ዕይታ አይመለስም። ኖርዌያዊው ያልማር ሽዮትዝ በ1905 ያቀረበው የግፊት መለኪያ ክትትሉን አገዘ፤ ሆኖም ግፊታቸው ከመደበኛው ልክ ሳያልፍ ነርቫቸው የሚጎዳ ሕሙማን ስላሉ ነርቩን ማየት አልቀረም።

የቀረው ጥያቄ የክፍያ ነበር። በ1890ዎቹ የኒው ዮርኩ መነጽር ሠሪ ቻርልስ ፕሬንቲስ የምርመራን ዋጋ ከመነጽሩ ለይቶ በማስከፈሉ ከዓይን ሐኪሞች ጋር ተጋጨ። ሐኪሞቹ ሥራው የሕክምና ፈቃድ ይጠይቃል አሉ። ስጋታቸው መሠረት አልባ አልነበረም፤ የዚያ ዘመን መነጽር ሠሪ ትኩረቱ ከበሽታው ይልቅ በሌንሱ ላይ ነበር። ይሁንና ሚኔሶታ በ1901 የመጀመሪያውን የኦፕቶሜትሪ ሕግ አወጣች፤ እስከ 1924 ድረስ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ተከተሉ። ምርመራው የራሱ ዋጋ ሲኖረው፣ መርማሪው መነጽር ባይሸጥም እንጀራው አይቋረጥም፤ መነጽር የማያስፈልገውም ሰው ይመረመራል።

ልማዱ ግን በቀላሉ አልለቀቀም። መነጽሩን ከእነርሱ ካልገዛ በቀር የሌንሱን ማዘዣ ለተመርማሪው የማይሰጡ ነበሩ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1978 ባወጣው ደንብ፣ ምርመራው እንዳለቀ ማዘዣው ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሰጥ አስገደደ።

በኢትዮጵያ በ2005–2006 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ውስጥ 5.2 በመቶው በግላኮማ ሳቢያ መሆኑን አሳይቷል። ዕድሜው ከአርባ ዓመት ያለፈ ሰው ከገበያ የንባብ መነጽር ገዝቶ ሲሄድ ፊደሉ ይጠራለታል፤ የዕይታ ነርቩን ግን ማንም አላየለትም።