መዝገበ ቃላቱን የሰበሰበችው ማን ናት?

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የተሰባሰብነው አብዛኛዎቻችን የሚሲዮን ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥንም። የአስቴር ጋኖን ታሪክ ስንሰማ ግን ዝም ማለት አቃተን።

ጣሊያኖች በ1886 እ.ኤ.አ. ከባርነት ነፃ ካወጧት በኋላ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ገባች። በዚያ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ነበረው፤ ፊደል የቆጠረችው እዚያ ነው። የተሸጠች ልጅ የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች! ተረቱንም፣ ዘፈኑንም ጻፈች። በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የደከመችው ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ግን የእሱ ስም ብቻ ነው።

ይህ እኛን ያንገበግበናል። በመሬት ደብተራችን ላይ ስማችንና ፎቷችን ከባሎቻችን ጎን እስኪገባ ስንት እንደጠበቅን እናውቃለን።

አስቴር በኋላ ወለጋ ወርዳ ነቀምቴ ላይ አስተማረች።