ፈረንጅ፣ ከዋጃ፣ ጂኔ፡ የጁባ ገበያ ቃላት ከየት መጡ?

በጁባ ከሚገኙት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ በሆነው በኮንዮ ኮንዮ፣ የባሪ ተወላጅ የሆነች አትክልት ሻጭ፣ የዲንካ ተወላጅ ሸማችና ሐበሻ ነጋዴ በዋጋ ሲከራከሩ የሚሰማው ቋንቋ የአንዳቸውም ብሔር ቋንቋ አይደለም። ጁባ ዓረብኛ ይባላል። ከ60 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት ደቡብ ሱዳን ሰውን ከሰው በስፋት የሚያግባባው ይኸው ቋንቋ ነው። ሆኖም በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ስሙ አልተጠቀሰም።

የቋንቋ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን የጋራ መግባቢያ "ሊንጓ ፍራንካ" ይሉታል። ቃል በቃል "የፍራንኮች ቋንቋ" ማለት ነው። ፍራንኮች ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ፈጽሞ እንግዳ አይደሉም፤ "ፈረንጅ" የሚለው ቃል የተገኘው ከእነርሱ ስም ነው።

ነጻ ሰው፣ ገንዘብ፣ እንግዳ

ፍራንኮች በ5ኛው ክፍለ ዘመን ሮማውያን ይገዙት የነበረውን የዛሬውን የፈረንሳይ ምድር የያዙ ጀርመናዊ ሕዝቦች ነበሩ። ፈረንሳይ ስሟን ያገኘችው ከእነርሱ ነው። በጀርመን የምትገኘው የፍራንክፈርት ስም ትርጉምም "የፍራንኮች መልካ" ማለት ነው።

በግዛታቸው ሙሉ ነጻነት የነበራቸው እነርሱ ስለነበሩ፣ የሕዝቡ ስም ውሎ አድሮ የነጻነት መጠሪያ ሆነ። በፈረንሳይኛ "ፍራንክ"፣ በጣልያንኛና በስፓኒሽ ደግሞ "ፍራንኮ" ነጻ የሆነን፣ እንዲሁም ያመነበትን ሳይሸሽግ የሚናገርን ሰው ያመለክታሉ። በዛሬው እንግሊዝኛ ጎልቶ የቀረው ሁለተኛው ትርጉም ብቻ ነው። በ1360 ፈረንሳይ ያወጣችው የወርቅ ገንዘብም "ፍራንክ" ተባለ። ጅቡቲ እስከ ዛሬ ትገበያይበታለች፤ አማርኛ ተናጋሪም ገንዘብን በጥቅሉ "ፍራንክ" ሲል ይሰማል።

በ11ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የመስቀል ጦርነት ሲጀመር፣ ዓረቦች ከምዕራብ አውሮፓ የመጣውን ሁሉ፣ ከየትኛውም አገር ይምጣ፣ "ኢፍራንጅ" አሉት። ግሪኮችም በበኩላቸው ለምዕራባዊውና ለካቶሊኩ "ፍራንጎስ" የሚል ስም ሰጡ። የሜዲትራኒያን ነጋዴዎችና መርከበኞች ከጣልያንኛና ከስፓኒሽ፣ ከዓረብኛና ከቱርክኛ እየቀላቀሉ የሚነጋገሩበት ቋንቋም የፍራንኮች ቋንቋ ተባለ። እንግዲህ አማርኛ አንዱን ስም ሁለት ጊዜ ተቀብሏል፤ በዓረብኛ በኩል ሰው፣ በአውሮፓ በኩል ገንዘብ ሆኖ ደርሶታል።

የጁባ ፈረንጅ

አዲስ አበባ ላይ ፈረንጅ የሚባለው ሰው ጁባ ሲደርስ "ከዋጃ" ይሆናል። ቃሉ መነሻው ፋርስ ነው፤ በዚያ ጌታ ወይም ባለጸጋ ነጋዴ ማለት ነበር። በቱርክኛ "ሆጃ" ሲሆን መምህር ማለት ነው። የኦቶማን አገዛዝ ወደ ባልካን ሲዘልቅ ቃሉ የሙስሊም የሃይማኖት መምህርን መጠሪያ ሆነ፤ የቤተሰብ ስም ሆኖም ቀረ። የቀድሞው የአልባኒያ መሪ የኤንቨር ሆጃ ስም ከዚሁ የተገኘ ነው። በግብፅ ግን የግሪክና የጣልያን ነጋዴዎች መጠሪያ ሆነ፤ አባይን ሽቅብ ተከትሎ ሱዳን ሲደርስም የነጮች ሁሉ ስም ሆኖ ጸና።

የገንዘቡ ስም ጉዞ ደግሞ ከዚህ ይረዝማል። የደቡብ ሱዳን መገበያያ በእንግሊዝኛ "ፓውንድ" ይባላል፤ ይህም ከላቲን የመጣና ክብደትን የሚያመለክት ቃል ነው። ገበያተኛው ግን "ጂኔ" ይለዋል። እንግሊዝ በ1663 ማውጣት የጀመረችው የወርቅ ገንዘብ፣ ወርቁ ይመጣበት ከነበረው የምዕራብ አፍሪካ የጊኒ ጠረፍ ስሙን ወስዶ "ጊኒ" ተባለ። እንግሊዝ ገንዘቡን መሥራት ካቆመች ሁለት መቶ ዓመት ቢያልፍም ስሙ በግብፅና በሱዳን ሕያው ነው። የአፍሪካ ጠረፍ ስም ለንደን ደርሶ፣ በካይሮ በኩል ተመልሶ ጁባ ገብቷል።

ከጦር ሰፈር እስከ ገበያ

ጁባ ዓረብኛም እንደ ቃላቱ በጉዞ የተወለደ ነው። የግብፁ ገዢ የመሐመድ ዓሊ ጦር በ1820 ወደ ሱዳን ዘመተ፤ ከ1839 በኋላም ነጭ አባይ ለመርከቦች ተከፈተ። በደቡብ የተተከሉት የጦር ሰፈሮችና የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴዎች ካምፖች ልዩ ልዩ ሕዝቦችን በአንድ አጥር ውስጥ አጎሩ። እነዚህ ሰዎች የዓረብኛን ቃላት ወስደው ሰዋስውን እንደ አዲስ አበጁት። "አና ሩዋ" ሄድኩ፣ "አና ጊ ሩዋ" እየሄድኩ ነው፣ "አና ቢ ሩዋ" እሄዳለሁ ማለት ነው፤ ግሱ ራሱ አይለወጥም። ወደ ኡጋንዳና ኬንያ የተሻገሩት ወታደሮች የሚናገሩት ኑቢ የዚሁ ቋንቋ እህት ነው። በናይሮቢ የኪቤራ ሰፈር ስምም ጫካ ከሚለው የኑቢ ቃል የመጣ ነው።

በፖለቲካው መድረክ ግን ይህ ቋንቋ ቦታ አላገኘም። በ1928 ከጁባ አቅራቢያ በረጃፍ የተካሄደው የቋንቋ ጉባኤ ዲንካን፣ ባሪን፣ ኑዌርንና ሌሎችን ለትምህርት ቤት መረጠ። የ1972ቱ የአዲስ አበባ ስምምነት ዓረብኛን የሱዳን የሥራ ቋንቋ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ የደቡቡ ክልል ዋና ቋንቋ አደረገ። በ2011 ነጻነት ሲታወጅ የሽግግር ሕገ መንግሥቱ አገር በቀል ቋንቋዎችን ሁሉ ብሔራዊ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ብሎ ደነገገ። ጁባ ዓረብኛ በሁለቱ መካከል ወደቀ። በስሙ ያለው "ዓረብኛ" የካርቱምን አገዛዝ ያስታውሳል፤ የኔ ነው ብሎ የሚሟገትለት አንድ ብሔርም የለውም።

ነገር ግን ነጻነቱ አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ በግንቦት 2012፣ የደቡብ ሱዳን ተዋንያን የሼክስፒርን "ሲምበሊን" በለንደኑ ግሎብ ቲያትር ሲያቀርቡ የመረጡት ቋንቋ ጁባ ዓረብኛ ነበር። በጦርነትና በብሔር ክፍፍል ለተፈተነች አገር ባለቤት የሌለው መሆኑ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የማንም ስላልሆነ ዲንካውም፣ ኑዌሩም፣ ባሪውም እኩል ይናገሩታል።