ከነጋሪት እስከ ሞንታርቦ

ነጋሪት በተጎሰመበት አገር ወፍራም ድምፅ «ከፈረንጅ የመጣ ነው» መባሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የቦሌ ጭፈራ ቤቶች ሌሊቱን ሲንጡት፣ ሞንታርቦው ደረት ሲመታ፣ ብዙዎቻችን የምናወግዘው «የባዕድ ጩኸት» ብለን ነው። ጩኸትነቱን አልክድም፤ ባዕድነቱ ግን አይዋጥልኝም። ይህች አጭር ጽሑፍ የምትሞግተውም ይህንኑ ነው።

በጥንቱ ሥርዓት አዋጅ የሚነገረው በነጋሪት ነበር፤ በመስከረም 1888 ዓ.ም. አገሩን ወደ ዐድዋ ያነሣው የክተት አዋጅም የዚሁ ሥርዓት ልጅ ነው። ነጋሪት የተመረጠው ለግርማው ብቻ አይመስለኝም። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚደርስ ንዝረት ይሰማል። በሰከንድ 5,000 ጊዜ የሚነዝር ቀጭን ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት 7 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ አየሩም ቅጠሉም ቶሎ ይውጠዋል። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚነዝረው ወፍራም ድምፅ ግን አንዱ ሞገዱ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። እንዲህ ላለው ሞገድ የቤት ጥግ እንቅፋት አይሆንበትም፤ ዞሮት ያልፋል። አባቶቻችን ሜትር ሳይለኩ ይህን ያውቁ ነበር። በ1934 ዓ.ም. መንግሥት ሕጉን በጋዜጣ ማተም ሲጀምር እንኳ ለጋዜጣው ያወጣለት ስም የከበሮው ስም ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣ።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ አላስረዝምም፤ አንባቢ ያውቀዋል። ሰፊው አፉ በወፍራሙ፣ ጠባቡ በቀጭኑ ይናገራል፤ ጠፍሩንም ሊቃውንቱ በጌታ ጀርባ ላይ ባረፈው የግርፋት ሰንበር ይመስሉታል። የበለጠ ልቆይበት የምፈልገው በገና ላይ ነው።

በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሩም ከበግ አንጀት ይከርራል። ትውፊቱ የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ ነው፣ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ወደ አገራችን ገባ ይላል። ከባህል የአውታር መሣሪያዎቻችን እንደ እርሱ ድምፁ ወደ ታች የሚወርድ የለም። እኔን የሚደንቀኝ ግን ውፍረቱ ሳይሆን መነዘሩ ነው። አውታሩ ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ በተመታ ቁጥር ከብርኩማው ጋር እየተነካካ ያ ንብ የመሰለ እምምታ ይወጣል። እንዚራ ባትኖር የአንጀቱ አውታር ድምፅ ደካማና ቶሎ የሚጠፋ በሆነ ነበር። እንዚራዋ በወፍራሙ ድምፅ ላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ትወልድለታለች፤ ጆሮም ልጆቹን ሰምቶ አባትየውን ያውቃል። ይህን የምለው ለቅኔ ብዬ አይደለም። አእምሮ በላይኞቹ ድምፆች መካከል ያለውን ርቀት አስልቶ የታችኛውን ድምፅ፣ እጅግ ቢደክም፣ ጨርሶ ባይኖርም እንኳ፣ እንደሚሰማው የድምፅ ሳይንስ ያረጋገጠው ነገር ነው።

ይህን ዘዴ የዛሬዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አቀናባሪዎች በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980 እ.ኤ.አ. ቲአር-808 የሚባል የከበሮ ማሽን አወጣ። የማሽኑ ትልቁ ከበሮ እጅግ ጥልቅና ለስላሳ በመሆኑ በትንሽ ድምፅ ማጉያ ሲከፈት እየጠፋ አስቸገረ። መፍትሔው ድምፁን ሆን ብሎ ማሻከር፣ ማለትም ዲስቶርሽን መጨመር ሆነ፤ በሻካራው በኩል ጆሮ ጥልቁን ያገኘዋል። እንዚራዋ በቆዳ የምትሠራውን እነርሱ በኤሌክትሪክ ሠሩት። የበገና ደርዳሪው ግን ቀደም ብሎ ጨርሶታል።

የሚያሳዝነው፣ ማሽኑ በወጣበት በዚያው ዘመን በገናው ከትምህርት ቤት ወጣ። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩት የቆዩት የበገና ትምህርት በ1980 በደርግ ዘመን ተቋረጠ። የከተማይቱም ሌሊት በሰዓት እላፊ ታስሮ ነበር። በሂልተን የዋልያስ ባንድን ለመስማት የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ይቆይ ነበር ይባላል። ሆኖም ወፍራሙ ድምፅ በዚያ ሁሉ መካከል አልሞተም። በ1975 እ.ኤ.አ. ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» ያደመጠ ሰው የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር ዘፈኑን እንዴት ተሸክሞ እንደሚሄድ አይስተውም። ኃይሉ መርጊያ ደግሞ ከዋልያስ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ከቀረ በኋላ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮኑን ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሙግ፣ ከያማሃ ዲኤክስ-7 እና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ ለብቻው አንድ ካሴት ሠራ። ለእኔ የኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አባት ካሴት ይህ ነው፤ የማይስማማ ይሟገተኝ።

ከውጭ የመጣ ነው የሚሉኝን እስቲ ወደ ውጭው ራሱ ልውሰዳቸው። ዛሬ ዓለምን የሚያስጨፍረው የቤዝ ሙዚቃ ትልቁ ምንጭ ጃማይካ፣ ኪንግስተን ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ኪንግ ተቢ የሚባል የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ከዘፈን ላይ ድምፃዊውን እያነሣ ከበሮውንና ቤዙን ብቻ አስቀረ፤ ይህም ደብ ተባለ። ደብ ወደ ለንደን ተሻግሮ፣ በ1990ዎቹ ጃንግል፣ ከ2000 ወዲህ ደግሞ ደብስቴፕ ለተባሉት ስልቶች መሠረት ሆነ። የሬጌና የደብ ሰዎች በዚያ ሁሉ ቤዝ መካከል የማንን ስም ይጠሩ ነበር? ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲደርሱ ራስ ተፈሪያውያን በከበሮ የተቀበሉት የማንን ንጉሥ ነው? ያ ድምፅ ስለ እኛ እያወራ ዓለምን ዞረ። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ፣ በቦሌ መንገድ ራስጌ፣ ሲከበር ታላላቆቹ ድምፅ ማጉያዎች ቤዙን ወደ አዲስ አበባ ሲለቁት እንግዳ መጣ ያለ ካለ፣ እኔ ግን ዘመድ ተመለሰ እላለሁ።

በ2014 እ.ኤ.አ. ሚካኤል ሰይፉ «የአራዳ ልጅ» የሚለውን ሥራውን 1432 አር በተባለ የዋሽንግተን አሳታሚ በኩል አወጣ፤ በ2016 ደግሞ «ዘለዓለም» ተከተለ። እርሱና «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ ለዚህ ሙዚቃ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚል ስም ሰጡት። የባህል መሣሪያዎቻችንን ድምፅ ከማሽኑ ምት ጋር አስታረቁት፤ ሆኖም ዝናቸው ከቦሌ ይልቅ በውጭ ጸሐፍት ዘንድ ገነነ። ለሰፊው ወጣት ያደረሰው ሮፍናን ኑሪ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. በወጣው «ነጸብራቅ» አልበሙ። ሦስቱንም አከብራለሁ። ቅሬታዬ ባህሉን የያዘው አብዛኛውን ጊዜ ቀጭኑ ድምፅ፣ ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱ፣ መሆኑ ነው፤ ወለሉን ለማሽኑ እንተውለታለን። ወለሉም የእኛ ነበር እኮ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ገርጂ ከሚገኝ የኮንዶሚኒየም ቤቴ ሆኜ ነው፤ ስለዚህ ጥብቅናዬ ወሰን አለው። ዓርብ ሌሊት ማንነቱን የማልጠቅሰው የሰፈራችን ጭፈራ ቤት ሲከፍት ዜማው አይደርሰኝም፣ ግጥሙ አይደርሰኝም፣ ዘፋኙን አላውቀውም። የሚደርሰኝ ወፍራሙ ብቻ ነው፤ ብሎኬቱ ሌላውን ሁሉ አጣርቶ እርሱን ያሳልፈዋል፣ የመስኮቱም መስተዋት ይነዝራል። ሕጉ ዝም አላለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ስለ ድምፅ ይደነግጋል፤ በመመሪያውም ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ተወስኗል። ችግሩ መለኪያው ነው። የተለመደው የድምፅ መለኪያ የሰውን ጆሮ እንዲመስል ተብሎ ወፍራሙን ድምፅ ያሳንሰዋል፤ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚነዝረውን በ30 ዴሲቤል ያህል ይቀንስለታል። ተቆጣጣሪው መጥቶ ቢለካ ቁጥሩ ከሕጉ በታች፣ ሕፃኑ ግን ከእንቅልፉ በላይ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። አዋጁ የታተመው ደግሞ፣ እንግዲህ አስቡት፣ በነጋሪት ጋዜጣ ነው።

ነጋሪት ሰዓት ነበረው፤ አዋጅ ሲኖር ይጎሰማል፣ ሲያበቃ ዝም ይላል። በገናም ወቅት አለው፤ በተለይ ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው የሚሰማው። ያን ጊዜ የሕንፃችን ጥበቃ ማታ ማታ ከስልኩ በገና ይከፍታል። ያች ጥፍር የምታህል የስልክ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን አውታር የማውጣት አቅም የላትም፤ የምታወጣው የእንዚራዋን እምምታ ብቻ ነው። እኔ ግን ደረጃውን ስወጣ የአውታሩን ድምፅ እስከ ታችኛው ድረስ እሰማዋለሁ።