የማይበረክተው ክኒን

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ታሪክ ከለንደን ይነሣል፣ ስቶክሆልም ይሰነብታል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ይደርሳል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዓመቱ 1975 ነው። በለንደን፣ በሴንት ሜሪ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሮበርት ስሚዝ የሚባሉ የመድኃኒት ተመራማሪ ነበሩ። በዚያ ዘመን ተመራማሪ መድኃኒትን በራሱ ገላ ላይ መሞከሩ ብርቅ አልነበረም። ስሚዝም ከባልደረቦቻቸው ጋር ዴብሪሶኪን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ዋጡ። ሌሎቹ ደህና ዋሉ። ስሚዝ ግን ዞረባቸው፤ የደም ግፊታቸው አሽቆለቆለ፤ መቆም አቃታቸው። ክኒኑ አንድ፣ ቤቱ አንድ፣ ቀኑ አንድ! ሽንታቸው ሲመረመር ምክንያቱ ተገኘ። የሌሎቹ ጉበት መድኃኒቱን ለውጦ አስወግዶታል፤ የእሳቸው ግን ሳይነካው እንዳለ አሳልፎታል። በ1977 ቡድናቸው ይህ ልዩነት በዘር የሚወረስ መሆኑን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ።

አሁን ወደ ስዊድን እንሻገር። እዚያ ፎልኬ ሾክቪስት የተባሉ ሐኪም የድባቴ ሕሙማን ደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን መለካት የጀመሩት ከስሚዝ ቀድመው ነው። ያዩት አስገረማቸው። ለሁሉም የሚሰጠው መጠን እኩል ሆኖ ሳለ፣ የአንዱ ደም በመድኃኒት ሲሞላ የሌላው ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረውም። መንትዮችን ጠርተው ኖርትሪፕቲሊን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት ሰጧቸው። ከአንድ እንቁላል የተፈጠሩት መንትዮች ልኬታቸው ተቀራረበ፤ ከሁለት እንቁላል የተፈጠሩት ተለያየ። ይህ በ1969 ታተመ።

ከዚያ አንዲት ሴት መጣች። ስሟን አናውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገንም። ድባቴ ይዟታል፣ ኖርትሪፕቲሊን ትወስዳለች፣ አይሻላትም። የተለመደው የቀን መጠን ከ75 እስከ 150 ሚሊግራም ነው። ሐኪሞቿ ደሟን እየለኩ ጨመሩላት፤ አሁንም ጨመሩላት። የተሻላት ቀኑን 500 ሚሊግራም ስትወስድ ነው! ሌላ ሰው ላይ መርዝ የሚሆነው መጠን እሷን አዳናት። ሌይፍ ቤርቲልሶንና ባልደረቦቻቸው ይህን በ1985 ሲጽፉ የጉበቷ ፍጥነት ታውቋል፤ የፍጥነቱ ምንጭ ግን ገና ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። እኔን ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይበልጥ የሚነካኝ የሐኪሞቿ ነገር ነው። «መድኃኒቱን እየጣልሽው ይሆናል» ብለው አላሰናበቷትም። ደሟን ለኩ። በእኛ ቤት ስንቱ ታማሚ «ክኒኑ ምንም አላደረገልኝም» ሲል፣ እናት ትራሱን ታገላብጣለች፣ ወንድም አፉን አስከፍቶ ከምላሱ ሥር ያያል። ጭንቀት ነው፣ አልፈርድባቸውም። የእውነት ክኒኑን የሚደብቅም አለ። ግን እውነቱን ተናግሮ የማይታመን ሰው ሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም ይጨመርበታል፤ ከዚያ ሐኪምም መድኃኒትም ይጠላል።

የዚያች ሴት ጉበት ፍጥነት ምንጭ የተገኘው በ1993 ነው። በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ጂን አለ። ጉበት በዚህ ጂን ትእዛዝ አንድ ኢንዛይም ይሠራል፤ ኢንዛይሙን መድኃኒት የሚፈጭ ወፍጮ አድርጋችሁ አስቡት። አብዛኛው ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ወፍጮ ይወርሳል። እንደ ስሚዝ ያለው ሁለቱም አይሠሩለትም፤ መድኃኒቱ ይከማችበታል። የዚያች ሴት ጂን ግን ተደግሞ ተገኘ፤ ትርፍ ወፍጮ አላት ማለት ነው። በዚያው ዓመት እነማግኑስ ኢንግልማን ሱንድበሪ አንድ አባትና ሁለት ልጆቹ ይህ ጂን 12 ጊዜ ተደጋግሞላቸው አገኙ።

በስዊድን ትርፍ ወፍጮ ያለው ሰው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። እንግዲህ አሁን ነው ታሪኩ ወደ እኛ የሚዞረው። እሌኒ አክሊሉ የተባሉ ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የኢትዮጵያውያንን ጂን መረመሩ። ውጤቱ በ1996 ወጣ፦ ከመቶ 29! ከሦስት ሰው ወደ አንድ የሚጠጋ ትርፍ ወፍጮ ይዞ ይዞራል።

ለምን እኛ? ኢንግልማን ሱንድበሪ ያቀረቡት መላምት አለ። በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ረኀብ ሲመላለስ፣ ሰው ያገኘውን ቅጠልና ሥር ሲበላ፣ የእፅዋትን መርዝ ቶሎ የሚፈጭ ጉበት ያለው ተረፈ፤ ዘሩንም ተካ ይላሉ። ገና መላምት ነው፤ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ስንት ክፉ ቀን ያለፉ አያቶቻችን ይታዩኛል።

ዛሬ ያ ስጦታ ሐኪም ቤት ሲገባ ሌላ መልክ ይይዛል። አሚትሪፕቲሊን፣ ሪስፔሪዶን፣ በከፊል ሃሎፔሪዶልም በዚህ ወፍጮ ያልፋሉ። የድባቴና የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን የሚውጧቸው ናቸው። ትርፍ ወፍጮ ያለው ሰው ላይ አሚትሪፕቲሊን ሳይበረክት ሊያልቅ ይችላል፤ ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሰው ሌላ መድኃኒት እንዲመረጥ፣ ካልሆነም ደሙ እየተለካ እንዲሰጠው ዓለም አቀፍ የአጠቃቀም መመሪያዎች ይመክራሉ። የሕመም ማስታገሻው ኮዴይን ደግሞ ተቃራኒው ነው። ይህ ወፍጮ ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋልና ፈጣን ጉበት ያለው ሰው ባልተጠበቀ ፍጥነት በሞርፊን ይሞላል፤ ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል። የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2015 ኮዴይንን ከአገልግሎት ያገደው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ የጂን ግኝት የአገር ውሳኔ ሆነ! ለሕመም ማስታገሻ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ለአእምሮ ሕሙማን መድኃኒትም ያው ጥንቃቄ ይገባል ባይ ነኝ።

ምርመራውስ? አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሮሽ የተባለው ኩባንያ ለዚህ ጂን የሠራውን መመርመሪያ ቺፕ የፈቀደው በ2004 መጨረሻ ላይ ነው። ይሁንና ከምርመራው የማይገኘውን አትጠብቁ። ማን እንደሚታመም፣ ሕመሙ ምን እንደሆነ አይናገርም። የሚናገረው ጉበት ለመድኃኒቱ ያለውን ፍጥነት ብቻ ነው።

እሱንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይናገርም። በ2002 እነእሌኒ አክሊሉ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በስዊድን ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋር አስተያዩ። ተመሳሳይ ጂን ይዘው፣ አገር ቤት ያሉት ጉበታቸው ዘገምተኛ ሆኖ ተገኘ። አገር ቤት ውስጥ ወፍጮውን የሚይዝ ነገር አለ ማለት ነው። ምግብ ይሆን? ሌላ?

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስቶክሆልም ከሚገኘው የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የተውጣጡ ተመራማሪዎች ፍለጋቸውን ወደ ጫት አዞሩ። ፈቃደኞች ከመቃማቸው በፊትና ሲቅሙ ዴክስትሮሜቶርፋን የተባለ የሳል መድኃኒት ተሰጣቸው፤ መድኃኒቱ በዚሁ ኢንዛይም ይፈጫልና ፍጥነቱን ያሳያል። በ2015 የታተመው ውጤት ጫት የሲዋይፒ2ዲ6ን ሥራ እንደሚያዳክም አሳየ።

ነገሩን በአንድ ታማሚ ላይ አስቡት። ከሰዓት በኋላ ይቅማል፤ ማታ ክኒኑን ይውጣል። ሆስፒታል ተኝቶ ጫቱ ሲቋረጥ፣ ወይም ወጥቶ እንደገና ሲጀምር፣ ክኒኑ ሳይለወጥ ደሙ ውስጥ ያለው መጠን ዝቅ ወይም ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሐኪም «ትቅማለህ ወይ?» ሲል ለወቀሳ አይደለም፤ መጠኑን ሊወስንበት ነው። ታማሚም ሳይፈራ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚቅም፣ መቼ እንዳቆመ፣ ቀድሞ የትኛው መድኃኒት እንዳልሠራለትና የትኛው እንደጎዳው ይንገረው። ክኒኑን ግን በራሱ እጅ አይጨምር፣ አይቀንስ፤ የስዊድኗ ሴት 500 የደረሰችው ደሟ እየተለካ ነው።