ቃለ ዓላማ

ራዕይ፣ ተልእኮ፣ እሴት። ድሬዳዋ ውስጥ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ሊያስፈጽም ገብቶ እነዚህን ሦስቱን ከግድግዳ ላይ ያላነበበ የለም። አሁን አራተኛ ተጨምሮባቸዋል። አንዱ አሠልጣኝ «የዓላማ ስቴትመንት» ይለዋል፣ ሌላው «ፐርፐዝ መግለጫ»። ድርጅቱ ከትርፍ ባሻገር ለምን እንደቆመ ባልደረቦቹ ተመካክረው የሚያሰፍሩት አጭር ጽሑፍ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት 181 የአሜሪካ ኩባንያ መሪዎች ስለ ኩባንያ ዓላማ አንድ ሰነድ ከፈረሙ ወዲህ ወሬው ይበልጥ ገንኗል።

ድሬዳዋ የባዕድ ቃል ፈርታ አታውቅም። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ለገሃር ሆኖ የቀረው ሠራተኛውና ተሳፋሪው በአፉ ስላላመጠው ነው። «ስቴትመንት» ግን ሳይላመጥ ከዓላማ ጎን ተለጥፏል፤ ያውም አማርኛ የራሱ ቃል ሳያጣ።

«መግለጫ»ስ? መግለጫ ለውጭ ሰው ይሰጣል፤ ጋዜጠኛ ይጠራበታል። ይህ ጽሑፍ ግን መጀመሪያ ለጻፉት ሰዎች ነው። «ተልእኮ በቂ ነው» የሚሉም አሉ። ሥሩን ይመልከቱ፦ ለአከ ማለት ላከ ነው። መልእክትም መልአክም የዚሁ ልጆች ናቸው (ብዙ መሥሪያ ቤት በዐይኑ «ዕ» የሚጽፈው ተልእኮ በአልፋው «እ» መጻፍ የሚገባው ለዚህ ነው)። ተልእኮ ያለው ሰው ላኪ አለው። ባልደረቦች አብረው ያሰቡትን ነገር ግን ማን ላከው? ተመካክሮ መጻፉን «የጋራ ፈጠራ» ማለት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ በአማርኛ የፈጠራ ወሬ ማለት ውሸት ነው።

የተሻለው «ቃለ ዓላማ» ነው። ቃለ ጉባኤ፣ ቃለ መሐላ፣ ቃለ መጠይቅ ያለ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም። ግእዝ ግእዝ ይሸታል ለሚል፣ የዕድር ጸሐፊም ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ደግሞም ቃል የሚሰጥ ነገር ነው፤ የሰጠ ሰው ይጠየቅበታል።

ዓላማም ለድሬዳዋ እንግዳ አይደለም። አማርኛ ሰንደቅ ዓላማ ሲል ምልክቱን ማለቱ ነው፤ ዒላማም ጎረቤቱ ነው። በዐረብኛ «ዐላማ» ምልክት፣ «ዐለም» ባንዲራ ነው። ሶማሊኛ ባንዲራን «ዐለን»፣ ኦሮምኛ «አላባ» ይላሉ። በአንድ መጋዘን የሚውሉ የድሬ ልጆች ቃሉን በየቋንቋቸው ያውቁታል ማለት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና ለመግባት የምትዘጋጁ ድርጅቶች ሆይ፣ ግድግዳችሁ ገና ባዶ ነው። ጫኝና አውራጁን፣ ሒሳብ ሠራተኛውን፣ ጥበቃውን አስቀምጣችሁ ተማከሩ፤ የተስማማችሁበትን ከሠራተኞቻችሁ ቋንቋዎች በየትኛውም ጻፉት። በአማርኛ ስትጽፉት ግን ርእሱን «ቃለ ዓላማ» በሉት።